ሙሽራውን ያየሁበት ጎርፍ

ሬዲዮው ዝናብ ይመጣል ባለ ቁጥር ፀሐይ ትወጣለች ብላችሁ አትማረሩ፤ የእኔ አባትም እንዲያው ነበር። ነፋስ አሽትቶ፣ ደመና አይቶ፣ ሰማዩን አውቃለሁ ባይ ነው። ጣልያን ከወጣ ጥቂት ቆይቶ እኔን ሲድር፣ "በልጉ አልቋል፤ ከፋሲካ ወዲያ ጠብታ አይወርድም!" ብሎ የሠርጌን ቀን ቆረጠ።

የሚያገባኝን ሰው አላየሁትም፤ ወጉ ነው። የአክስቴ ልጅ ግን፣ ያቺ ነገረኛ፣ "ሰውዬሽኮ ሽማግሌ ነው፤ ጥርስም የለው" ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ። እውነት ከሆነ ወደ አበርገሌ ቆላ ልጠፋ ቆረጥኩ።

የሠርጉ ለት ጧት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ረፋድ ላይ ቆላ የወረድን እስኪመስል ሞቀ። አባቴ "አላልኳችሁም?" እያለ ዳሱ ውስጥ ይንጎራደዳል። ወዲያው ደጋው ላይ ሰማዩ አጉረመረመ። እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ድንጋይ እያንከባለለ ደረሰ። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ከነበቅሏቸው ማዶ ቀሩ።

ሰው ሁሉ ጎርፍ ሊያይ ሲወጣ፣ እኔም የሙሽራ ልብሴን ጣልኩና አሮጌ ነጠላ ተከናንቤ፣ እንስራ አዝዬ ወረድኩ። በጎርፍ ውሃ የሚቀዳ ማን አለ? ማንም አልጠየቀኝ።

"እናንተዬ! ሙሽራው የትኛው ነው?" ብዬ ጮኽኩ።

ሚዜዎቹ አንዱን ገፍተው አወጡት። ጠይም፣ ሎጋ ልጅ። ሲስቅ ጥርሱ ሙሉ!

"ምነው፣ ልታገቢኝ ነው?" አለ።

"ኧረ እኔስ ይቅርብኝ! ሙሽራይቱ ግን አንካሳ ናት፤ አልነገሩህም?"

ሳቁ ቆመ። ወደ በቅሎው ዞረ። ምን ነካኝ፣ በምላሴ ባሌን ሰደድኩት ብዬ ደነገጥኩ።

"እንግዲያ በቅሎ ይዤላታለሁ" አለ። "ምላሷ ብቻ እንዳንቺ አይርዘም!"

እንስራውን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ከእናቴ በፊት ደርሼ ተሸፋፈንኩ።

ወደ ማታ ውሃው ጎደለ፤ የበቅሎ ጭራ ይዘው ተሻገሩ። እስከ ወገባቸው ርሰው ሲገቡ አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እዚህ ጠብታ ወረደ? አልወረደም!"

ሙሽራ አትናገርም። እንደ ወጉ ዝም ብዬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ግን ሙሽራው በቅሎውን አስጠጋና በሹክሹክታ፣ "እግርሽን በጣም ያምሻል ወይ?" አለኝ። አሳዘነኝ።

"እግሬስ ደህና ነው" አልኩት፤ "የረዘመው ምላሴ ነው።"

ከበቅሎው ሊወድቅ ነበር።