ያቋረጥኩትን ድራማ እኔው ስቀጥል

ፀሐይ የመታው ቆዳ በሸተተኝ ቁጥር ቢቸና የነበረው ቤታችን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። የሬዲዮአችን ልብስ ቆዳ ነበር፤ አባቴ የባትሪ ድንጋዮቹን ነፍስ ይዘሩ እንደሆነ ብሎ ከነልብሱ ደጅ ያሰጣቸው ነበር፣ እኔም ዶሮ እንዳይለቅማቸው ዱላ ይዤ እጠብቅ ነበር። ድንጋይ የሚለቅም ዶሮ እስከ ዛሬ አላየሁም።

መስከረም ሲጠባ ሬዲዮው ሁለት አዳዲስ ተከታታይ ድራማዎች ጀመረ፣ ሁለቱም ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ አንዱ ሲያበቃ ሌላው እየቀጠለ። የእማዬ ድራማ፣ ባሏ እንደወጣ የቀረባት ሙሽራ ታሪክ ነበር፤ የኔው ደግሞ ሌባ የሚያሳድድ መርማሪ። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ድራማ አዋቂ ስለነበርኩ «የሙሽራዋ ነገር ከገና አያልፍም፣ ይቋረጣል!» ብዬ ለሰፈሩ አወጅኩ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ፤ ጎረቤቶቻችን እንዝርታቸውን ይዘው እየመጡ፣ ጥጡን ረስተው አፋቸውን ከፍተው ሙሽራዋን ያዳምጡ ነበር።

ክረምት ገብቶ ፀሐይ ጠፋች፣ መንገዱም በጭቃ ተዘግቶ ድንጋይ ከሞጣ የሚያመጡልን ነጋዴው ጋሽ ሰይድ ቀሩ። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርና ጋቢውን አጣፍቶ ችሎት ተቀመጠ። «ያለን ድንጋይ ለአንድ ድራማ እንጂ ለሁለት አይበቃም። ተከራከሩ!» አለን።

«ጌታዬ፣» አልኩ ብድግ ብዬ፣ «መርማሪው ሌባውን ሊይዝ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ሙሽራዋ ግን ዓመቱን ሙሉ በር በሩን ከማየት ሌላ ምን ሠራች?»

«በር ማየት ሥራ አልመሰለህም፣ የኔ ጠበቃ?» አለች እማዬ። «አባትህ ‹ሳምንት አልቆይም› ብሎ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ሦስት ወር ሲቀር፣ እኔስ ምን ስሠራ የከረምኩ መሰለህ?»

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሙሽራዋ ትቀጥላለች፤ መርማሪው ተሰርዟል» ብሎ ፈረደ።

እኔ ግን ለፍርድ የምገዛ አልነበርኩም። ሙሽራዋ አብቅታ እማዬ ላሟን ልታልብ፣ አባቴ ጎረቤት ሊሸኝ ሲወጡ፣ ሬዲዮውን አቅፌ ከጎታው ጀርባ እየተወሸቅኩ መርማሪዬን እሰማ ነበር። በአራተኛው ሐሙስ የሙሽራዋ በር ተንኳኳ፤ «ማነው?» አለች፤ ሬዲዮው ሲር ብሎ ጸጥ አለ። አባቴ ድንጋዩን ቢነክሰው፣ ረመጥ አጠገብ ቢያሞቀው ወይ ፍንክች። እማዬ እንዝርቷ ከእጇ ወድቆ «ማን ነበር ያንኳኳው?» እያለች የሁላችንንም ፊት ስታይ፣ አላስችል ብሎኝ የጎታውን ጉድ ዘረገፍኩት።

አርጩሜ ስጠብቅ እሷ ትክ ብላ አየችኝና «ያቋረጥከው አንተ ነህ፣ አንተው ቀጥል። ማነው ያንኳኳው?» አለች።

«ባ... የባሏ በቅሎ ናት!» አልኩ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

እማዬ ግን አልሳቀችም። «ብቻዋን መጣች? እሱንስ ምን አገኘው?»

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ድራማውን የምቀጥለው እኔ ሆንኩ! ሳምንቱን ሙሉ ልቤ እየዘለለ ስፈጥር እሰነብት ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ባሏን የሚፈልግ አንድ መርማሪ ሹልክ አድርጌ አስገባሁ። «ይኼን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?» አለች እማዬ፣ አባቴም ጋቢው ውስጥ ሳቀ።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲከፈት ጋሽ ሰይድ ድንጋዩንም ወሬውንም ይዘው መጡ። «ድራማው አልቋል፣ እመቤት። ያንኳኳው ባሏ ነበር፤ ገባ፣ ተሳሳሙ፣ በቃ» አሏት።

«ይኼው ነው?» አለች እማዬ ቅር ብሏት። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ያንተው አላለቀም፤ ቀጥል» አለችኝ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ አዲስ ድራማ ቀጠለ፣ ተሰረዘ እያሉ በየስልካቸው ያነባሉ፤ የወደዱት ሲሰረዝ ለአንድ ሰዓት ያኮርፉና ሌላ ይጀምራሉ። አልፈርድባቸውም፣ እኔማ ገና መግቢያው ላይ አንኮራፋለሁ። እነሱ ግን ማን እንደሚሰርዝ፣ ማን እንደሚያስቀጥል አያውቁትም፤ የኔን ያስቀጠለችው እንዝርቷን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር።