ለወተት ቦታ ያልነበረው ሰንጠረዥ

የሁዳዴ ጾም ስምንት ሳምንት ነው፤ እያንዳንዱም ሳምንት የራሱ ስም አለው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። ይህን የምዘረዝረው የማያውቅ ይኖራል ብዬ ሳይሆን ማስረዳት ስለምወድ ነው። በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ቂርቆስ በሚገኘው ሰንበት ትምህርት ቤታችን የሕፃናት ክፍልን እንዳስተምር ሲሰጠኝ፣ መጀመሪያ ያደረግኩት እነዚህን ስሞች ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ከሥራቸው በቀይ ጠመኔ አስምሬ፣ ልጆቹ በቃላቸው እስኪይዙ ድረስ ማስደገም ነበር።

በአዘቦት ቀን ካዛንቺስ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። እሁድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቆርቆሮ በተሠራችው ክፍላችን ውስጥ ከስምንት እስከ ዐሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው ሃያ ሁለት ልጆች ይጠብቁኛል። የዚያ ዓመት የጾም ትምህርታችን ርእስ «የብርሃን ልጆች» የሚል ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና ዓመት ስላልሞላኝ መርጃ መሣሪያ የሌለው ትምህርት ትምህርት አይመስለኝም። የብርሃን ልጅ መሆን ምን እንደሆነ ልጆቹ በዓይናቸው ማየት አለባቸው አልኩ።

ስለዚህ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ሁለት ትልልቅ ወረቀቶች አያይዤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሻማ ሣልኩ፤ ሻማውንም እስከ ሆሳዕና ባሉት ሳምንታት ልክ በሰባት ከፈልኩት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቁርስ ሳይበላ እስከ ስድስት ሰዓት የጾመ ልጅ፣ እሁድ መጥቶ አንዱን ክፍል ቢጫ ይቀባል። ቅዳሜና እሁድ ከሥጋና ከወተት እንጂ ከእህልና ከውኃ እንደማይጾም በሰንጠረዡ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ጻፍኩ። ሻማው ከሁሉም የበለጠ የደመቀለት ልጅ በሆሳዕና ትልቁን ዘንባባ ይዞ የልጆቹን ሰልፍ ይመራል።

ሰንጠረዡን ስሰቅል አባቱ ቄራ አካባቢ ሥጋ ቤት ያለው፣ ድምፁ ጎርናና የሆነ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ያንቺ ሻማስ?»

«እኔ እኮ አስተማሪ ነኝ።»

«አስተማሪ አይጾምም እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። ጥግ ላይ ሃያ ሦስተኛ ሻማ ሣልኩ። የኔ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው አልኳቸው፤ ምሳሌ መሆን አለብኛ።

እሁድ እሁድ ቢጫዋን ከለር ለመቀበል ሁልጊዜ ቀድማ የምትሰለፍ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቀጭን ናት፤ ስትናገር ጎንበስ ብለው ካልሰሟት ድምፅዋ አይሰማም። ከሰንጋ ተራ ከእናቷ ጋር በእግሯ ነው የምትመጣው። ቀለሙን ከመስመር ሳታስወጣ ትቀባለች፤ እኔ ደግሞ መስመር የሚያከብር ልጅ ያሸንፈኛል። አንድ ቀን ዘንባባውን ለምን እንደዚያ እንደፈለገችው ጠየቅኳት።

«እማዬ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነው የምትቆመው» አለችኝ። «ከፊት ከሆንኩ ከሩቅ ታየኛለች።»

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በደንብ አለፉ። አራተኛው ላይ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ማስተማር ጀመርኩና ራሴን ያመኝ ጀመር። ክፍት ክፍለ ጊዜዬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንዲት ኬክ ቤት አለች። ቦንቦሊኖ የጾም ነው፤ ዱቄትና ዘይት እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። የሚፈርሰው ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ሰዓቱም ቢሆን ለደከመ ሰው ይላላል። ይህን ሁሉ ለራሴ አስረዳሁ፤ ለራሴ ሳስረዳ ተማሪዬ በጣም ቶሎ ይገባታል። ሻይና አንድ ቦንቦሊኖ አዘዝኩ። እሁድ መጥቼ ሻማዬን ቢጫ ቀባሁ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው።

ስድስተኛው ሳምንት ገብር ኄር ነው፤ ታማኝ አገልጋይ ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ረቡዕ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደጎረስኩ የኬክ ቤቱ በር ተከፈተና ያቺ ቀጭኗ ልጅና እናቷ ገቡ።

መደበቂያ የለም። ቂርቆስ የማውቀው ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው ካዛንቺስን ያመንኳት። ልጅቷ አየችኝና የእናቷ ነጠላ ውስጥ ገባች። እናትየው ግን ደስ ብሏት እኔ ጠረጴዛ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

«ውይ እህቴ፣ እግዜር ነው ያገናኘን። እስቲ አንቺ ንገሪልኝ። ከክሊኒክ መምጣታችን ነው። ደም አንሷታል፤ ወተትና እንቁላል ይሰጣት ካሉ ወር አለፈ። የንስሐ አባታችንም ፈቅደውላታል። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ወተቱን ይዤ ሳሳድዳት ነው የምውለው።»

«ለምን?» አልኩ። አፌ ውስጥ ያለውን ገና አልዋጥኩትም።

«ቲቸር ካወቀች ሻማዬን ትሰርዘዋለች ትላለች። ቤት ስትጠጣ እንኳ በሩን ዝጊ ነው የምትለኝ።»

አስተናጋጁ ወተቱን አመጣ። ልጅቷ ብርጭቆውን አየች፤ ከዚያ የኔን ሳህን አየች፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት። ሰዓት ማንበብ ያስተማርኳት እኔ አልነበርኩም፤ በደንብ ግን ታነባለች።

«ጠጪ» አልኳት።

ጠጣች። እናትየው ቦንቦሊኖዬን በዓይኗ ዘለለችው። «ጾሙስ እንዴት ይዞሻል?» አለችኝ፤ ከልቧ ነው።

«ተመስገን» አልኩ።

ከዚያ ቀን እስከ ቅዳሜ ልጅቷ ታወራብኛለች ብዬ ፈራሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእሁዱን ትምህርት ሳዘጋጅ ነው ነገሩ የዞረብኝ። ሳምንቱ ኒቆዲሞስ ነው። ኒቆዲሞስ ሰው እንዳያየው በጨለማ ወደ ጌታ የመጣ ሰው ነው። ማስታወሻዬ ላይ «ማን ነበር?» ብዬ ጽፌ መልሱን ከሥሩ አሰፈርኩ፤ «መምህር»። ከዚያ በኋላ ብዕሩ አልሄደልኝም። እኔ የፈራኋት ልጅ እኔን ፈርታ በር ዘግታ ነው መድኃኒቷን የምትጠጣው። የታመመ ሰው እንደማይገደድ የጾሙ ሥርዓት ራሱ ይናገራል፤ ደብተሬ ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ። ሰንጠረዡ ላይ ግን የሚጻፍበት ቦታ አልሠራሁለትም።

እሁድ ልጆቹ ለቢጫው ከለር ሲሰለፉ እሷ ከወንበሯ አልተነሣችም።

«ቲቸር፣ እሷ ካልቀባች እኔ አንደኛ ነኝ ማለት ነው?» አለ የባለ ሥጋ ቤቱ ልጅ። በጾም ሥጋ ቤቱ ስለሚዘጋ አባቱ ቤት ውሎ ይጠብቀዋል፤ የሱ ሻማ እውነተኛ ነው።

ከለሩን ከእጁ ተቀበልኩት። «አንድ ጊዜ ተቀመጡ። የኔ ሻማ ውሸት ነው።»

ሁሉም ዞረው ጥግ ላይ ያለውን ሻማዬን አዩ።

«የቱ ጋ?» አለ ልጁ።

«ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ።»

«ምን በልተሽ?»

«ቦንቦሊኖ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ሦስት ተኩል።»

«ስንት?»

«አንድ። አንዳንድ ቀን ሁለት።»

ከፊት የተቀመጠች ልጅ «ከሻይ ጋር?» አለች።

«ከሻይ ጋር።»

«በቃ ሙሉ ቁርስ ነዋ» ብሎ ልጁ ፈረደ።

አዎ፣ ሙሉ ቁርስ ነው አልኳቸው። ይበልጥ የከፋው ግን መብላቴ ሳይሆን በልቼ ቢጫ መቀባቴ ነው እያልኩ ማስረዳት ስጀምር ከኋላ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ቀጭኗ ልጅ ቆማለች።

«እኔ ጠዋት ወተት እጠጣለሁ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ እኔ ጋ ደረሰ። «እንቁላልም እበላለሁ። ደም አንሶኝ ነው። አባ ፈቅደውልኛል። ቢጫ የቀባሁት ግን ጾሜ አይደለም።»

ማንም አልሳቀም። የባለ ሥጋ ቤቱ ልጅ ወደ እሷ ዞረ።

«ወተቱ ስኳር አለው?»

«የለውም።»

«እሱማ ከጾም ይብሳል» አለ። ያኔ እሷ ራሷ ሳቀች።

ልጆቹ ሲወጡ አስቀረኋት። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ወደ ሰንጠረዡ ዞረች፤ ግርጌው ድረስ አነበበችው። «የት ጋ ነው የሚጻፈው?» አለችኝ።

ያን ቀን ሰንጠረዡን አወረድኩት። መሪውን ልጆቹ ይምረጡ አልኩና የባለ ሥጋ ቤቱን ልጅ መረጡ። እኔ ላይም ፈረዱብኝ፤ ቲቸር ከሰልፉ መጨረሻ ትሂድ ተባለ።

ሆሳዕና ጠዋት ቅጥር ግቢው በዘንባባና በነጠላ ሞልቷል። ልጁ ከቁመቱ የሚበልጠውን ዘንባባ አንግቦ ከፊት ቆመ። እኔ የተፈረደብኝ ቦታ ስደርስ ቀጭኗ ልጅ ቀድማኝ ቆማለች።

«አንቺ እኮ አልተፈረደብሽም» አልኳት። «ከፊት ብትሆኚ እናትሽ ታይሽ የለ?»

«እማዬ ከኋላ ናት» አለችና በአገጯ አሳየችኝ። እናትየው ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከኛ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። «አንቺም ብቻሽን ነሽ።»

እጄን ያዘችኝ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

«ቲቸር፣ ዛሬስ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«እኔ ጠጥቻለሁ» አለች፤ ከፊታችን ያሉት ልጆች ዞረው እስኪያዩን ድረስ ጮክ ብላ።