የሲዬና አደባባይ በአባቴ እጅ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ክንድ ተሰብሮ ክሊኒክ ውስጥ ጀሶ ሲያስሩለት፣ የእርጥቡ ጀሶ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ደሜ ፈላ። ነርሷ በእሷ የተቆጣሁ መስሏት ታባብለኝ ጀመር። ምን ብዬ ላስረዳት?

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ዳላስ አጠገብ ባለችው በቤድፎርድ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የታሪክ መምህራችን እያንዳንዳችን የአንድ ዝነኛ ቦታ ሞዴል እንድንሠራ አዘዘን፤ ለእኔ የጣሊያኗ የሲዬና ከተማ ዋና አደባባይ ደረሰኝ። አባቴ አዲስ አበባ ሳለ የታወቀ ግንበኛ ነበር። ዳላስ ግን ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር፤ ስለ ሙያው ለዓመታት የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ከላይብረሪ ያመጣሁትን መጽሐፍ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። አደባባዩ ሜዳ አይደለም፤ እንደ ዛጎል ተከፍቶ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ይወርዳል። ቀይ ጡቡ የዓሣ አጥንት መስሎ ተነጥፏል። ነጭ የድንጋይ መስመሮች ዘጠኝ ቦታ ይከፍሉታል፤ ያኔ ከተማዋን ይገዙ ለነበሩ ዘጠኝ ሹማምንት መታሰቢያ ነው ይባላል። አባቴ ለሹማምንቱ ግድም አልሰጠው።

«ኦኬ፣ ዝናቡስ በየት ይወጣል?» አለኝ።

ገልጬ ሳይ እውነትም ግርጌው ላይ የውሃ መውረጃ አለ።

ሁለት ቅዳሜ በረንዳችን ላይ ጀሶ አቦካ። ሲባጎ ወጥሮ ተዳፋቱን ለካ፤ ጡቡን አንድ በአንድ በቢላ ጫፍ ቀረጸ። ፀሐዩ ጀርባውን እየጠበሰው ያፏጭ ነበር፤ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። ደርቆ ከተቀባ በኋላ አንድ ስኒ ውሃ አፈሰሰበት። ውሃው በዘጠኙም በኩል ወርዶ አንዷ ቀዳዳ ውስጥ ገባ፤ የተኛ ጠብታ አልነበረም። ለአስተማሪሽም እንዲሁ አድርገሽ አሳዪው አለኝ።

መምህሩ እርሳስ አስቀመጠበት፤ እርሳሱ ተንከባለለ። ወለሉ ጠማማ ነው ብሎ ማርክ ቀነሰብኝ። አባቴ እንደሠራው ስነግረው፣ ለወደፊቱ ውሃ ልክ ይጠቀም አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

አሁን ስጽፈው እንኳ ያንገበግበኛል። የሚያስተምረውን አደባባይ የማያውቅ ሰው፣ ዕድሜውን በውሃ ልክና በቱምቢ የጨረሰን ግንበኛ ሊያርም! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። እሱስ ይሁን፤ መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው እኔስ? እኔማ አብሬ ሳቅሁ።

አባቴ ከሥራ ሲገባ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ምን እንደተባለ ጠየቀኝ። ጠማማ ነው አለ፣ አልኩት።

«ውሃውን አፍስሰሽ አሳየሽው?»

አለማሳየቴን መናገር አፈርኩ። «አዎ» አልኩት።

እጆቹን ገልበጥ አድርጎ አያቸው።

«እያየ ጠማማ ካለማ እኔ ነኝ የሳትኩት። እጄ ረስቷል ማለት ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆቹ ደረጃና አጥር እንዲሠራላቸው ሲለምኑት፣ እኔ ረስቻለሁ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ ይላቸው ነበር። ዋሽቼህ ነው አባዬ፣ ሳልለው ቀበርኩት።