የጽጌረዳዬ እሾህና የተቆለፈው መንጋጋዬ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ማይኩን ስጡኝ ብዬ የለመንኩት ራሴ ነኝ። መጋቢያችን «እህት ብርቄ፣ አደራ አሳጥሪው» ብለውኛል፤ እንግዲህ እሞክራለሁ። የማያውቀኝ ካለ፣ በየእሑዱ እዚህ መድረክ ላይ የምታዩት ጽጌረዳ ከእኔ ግቢ ነው የሚመጣው። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ያንቀኛል። ክብር ለስሙ ይሁን!

ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው እኔን እዚሁ አሶሳ ወለዱኝ። ጽጌረዳ መትከል ስጀምር ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። «ምስጥ የቤት ምሰሶ በሚበላበት አገር አበባ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ አይሆንም ያሉኝን ካላደረግሁ አይበላልኝም። እርጥብ እበትና አመድ በውሃ እበጠብጥና ሥሩን እለቀልቀዋለሁ፣ እናቴ የቤታችንን ግድግዳ ትለቀልቅ እንደነበረው፣ በባዶ እጄ። ምስጡ ሸሸ እንዴ? እንጃ። ጽጌረዳው ግን በቀለ፤ ቀዩም ነጩም በሽመሉ፣ በቀርከሃው አጥር ላይ ተንጠለጠለ፤ መንገደኛ ቆሞ ያየው ጀመር።

እና ቅዱሳን፣ ያኔ ወደዚህ ቤት የምመጣው ለአበባዬ ነበር። «እንዴት ያምራል!» ሲባል ለመስማት። አሜን ሲባል ከሁላችሁ በላይ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነበር፤ ታውቁታላችሁ። ለብቻዬ ስሆን ግን አንድም ቀን «ጌታ ሆይ» ብዬ አላውቅም። የሚሰማኝ አለ ብዬ አላመንኩማ።

ዝናብ ከመግባቱ በፊት ጽጌረዳ ይከረከማል። ካልጨከኑበት አያብብም። አንድ ጠዋት ስከረክም እሾህ አውራ ጣቴ ሥር ዘልቆ ገባ። በጥርሴ ነቅዬ ተፋሁትና እጄን መልሼ እበቱ ውስጥ ነከርኩ። የጽጌረዳ እሾህ ወግቶት የሚደነግጥ ጽጌረዳ አይትከል እል ነበር። ቁስሉም ቶሎ ስለደረቀ ረሳሁት።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያናችን የጾም ጸሎት ሳምንት ገባ። መንጋጋዬ ሲከብደኝ ብርድ ነው አልኩ። ዝንጅብል አፍልቼ ጠጣሁ፤ አንገቴን በነጠላ ጠመጠምኩ። አንገቴም ደረቀ። ስለጾምኩ ነው አልኩ። ባለቤቴ ሙሉጌታ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ያኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይመጣም ነበር። «ሐኪም ይይሽ» ቢለኝ ለብርድ ሐኪም የት አይተሃል ብዬ ተቆጣሁት።

በሳምንቱ መጨረሻ የጸሎት ቡድኑ እኛ ቤት መጣ። ወንድም ታምራት ነበር የሚመራው። እዚያ ጋ ተቀምጠሃል፣ ታምራት፤ አትደበቅ፣ በክፉ አላነሳህም። ጸለየ፤ ሁሉም አሜን አለ። እኔም አሜን ልል አፌን ብከፍት፣ አፌ እምቢ አለኝ። ጥርሴ ተገጥሞ ቀረ። በጣቴ ልፈለቅቀው ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች! ፊቴ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተሳበ፤ ሳላስበው ጥርሴ ገጥጦ የምስቅ መሰልኩ።

በጾም ጸሎት መሐል አንዲት ሴት ዝም ብላ ስትስቅባችሁ ምን ትላላችሁ? ዲዳ መንፈስ ነው አሉ። ታምራት ተነሣና እጁን ራሴ ላይ ጭኖ «ልቀቃት!» ብሎ ጮኸ። በዚያች ቅጽበት ጀርባዬ እንደ ቀስት ተለመጠ። ሕመሙን ልነግራችሁ አልችልም። እነሱ ታዲያ መንፈሱ ተገለጠ አሉ፤ ድምፃቸውን ጨመሩ። እነሱ ሲጮኹ እኔ እገተራለሁ፤ እኔ ስገተር እነሱ ይጮኻሉ። ልብ በሉ፣ አእምሮዬ አልሳተም። ሁሉንም እሰማለሁ፤ ሁሉንም አያለሁ። በተከፈተው በር የሙሉጌታ ባጃጅ ግቢው ውስጥ ቆማ ትታየኛለች። ሆስፒታል ውሰዱኝ ማለት ነበር የምፈልገው። ሁለት ቃል! ያ ሁሉ የጎረቤት ነገር ሲያወራ የሚውል አፍ ሁለት ቃል አጣ። ሙሉጌታ ግራ ገብቶት በሩ ላይ ቆሟል። እየሞትኩ ነው፤ የሚወዱኝ ሰዎች ከበውኛል፤ አንዳቸውም አላወቁም። ያ ነው የፈራሁት፣ ቅዱሳን፤ ከሞቱ ይልቅ ያ።

ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ሐዋ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ሐዋ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፣ አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ሙስሊም ናት፤ ጸሎት ላይ ገብታብን አታውቅም። የዚያን ቀን ግን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሰው ገፍታ ገባችና ፊቴን አየች።

«ተው! ዝም በል ሁላችሁ!» አለች። «ይሄ ሰይጣን አይደለም። የእኔ ወንድም እንዲህ ሆኖ ሞተ። ብርቄ ይሰማል፤ አፉ ብቻ ነው እምቢ ያለ። ሙሉጌታ፣ ሆስፒታል ውሰድ። አሁን።»

ቤቱ ጭጭ አለ። ዝም ሲሉ ጀርባዬ ላላ። ታምራት ይሄን አየ፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። እንደ ሕፃን አቅፎ ባጃጇ ውስጥ አስገባኝ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ባጃጇ ጉድጓድ በገባች ቁጥር እገተር ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። እጄን አገላብጦ የእሾሁን ጠባሳ አገኘ። መንጋጋ ቆልፍ ነው አለ፤ በቁስልና በአፈር በእበት የሚገባው ቴታነስ። ክትባት ወስዳ ታውቃለች ወይ ብሎ ሙሉጌታን ጠየቀው፤ እሱ እንጃ አለ። ደጅ ለተሰበሰቡት የተናገረውን ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት።

«መድኃኒቱን ጀምረንላታል» አላቸው። «ይሄ በሽታ ግን ድምፅና ብርሃን አይወድም። በር ቢንኳኳ ትገተራለች፤ ተገትራ ትንፋሿ ሊቆም ይችላል። ጸልዩ፣ አልከለክልም። ድምፃችሁን ግን እንዳልሰማ።»

እኛን! የጣሪያ ቆርቆሮ እያንቀጠቀጥን የምንጸልየውን ሰዎች! በኋላ እንደነገሩኝ፣ ታምራት ጫማውን አውልቆ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለ፤ የመጣውን ሁሉ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ እያስቀመጠ። ጌታ ይባርክህ፣ ወንድሜ።

እኔ መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ ክፍል ውስጥ ተጋድሜያለሁ። የሚቀጥለው መገተር መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፤ ሲመጣ ትንፋሼ እየተያዘ ይለቃል። ነርሷ ባልዲ ስታስቀምጥ ልቤ ይዘላል። ጉሮሮዬ በውሃ ጥም ነደደ፤ መናገር አልችልም። ታዲያ እዚያ ሆኜ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ጽጌረዳዬን። ያ ጽጌረዳ አንድም ቀን «ጠማኝ» ብሎኝ አያውቅም። ቅጠሉን አይቼ ነው የማውቀው። ጠዋት ከቤት ስወጣ ገና ከበሩ አየዋለሁ፤ ቅጠሉ ጠውልጎ ከሆነ ባልዲዬን አነሣለሁ። እኔ ብርቄ፣ ቁጡዋ፣ ነገረኛዋ፣ አፍ የሌለውን አበባ ጥም ካወቅሁ፣ የፈጠረኝ የእኔን አያውቅም?

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ፊቴ እየሳቀ፣ ዓይኔ አለቀሰ። በልቤም አልኩት፤ «ጌታ ሆይ፣ አበባ ሰጥቼህ ራሴን ነፍጌህ ነበር። እየኝ። አፌ ባይከፈትም የአንተ ነኝ።» የጌታ ስም ይባረክ! ሕመሙ አልቆመም፤ አልዋሻችሁም። መገተሩ ቀጠለ። ብቻዬን ነኝ የሚለው ፍርሃት ግን ከዚያ ክፍል ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣም።

ቀን በቀን መንጋጋዬ እየላላ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነርሷ ከንፈሬን በእርጥብ ጥጥ ስትጠርግ «ውሃ» አልኳት። እየሮጠች ወጣች። ሐኪሙ መጥቶ ቆሞ አየኝ። «የእኛን ሥራ ሠርተናል» አለኝ፤ «ግን ይሄን ሁሉ መድኃኒት ወስደው ያልተነሡ አሉ። አንቺስ ሰው ሲጸልይልሽ ነበር።» ሃሌ ሉያ!

ዛሬ ክትባቴን ጨርሻለሁ፤ ጓንት ሳላጠልቅ እሾህ አልነካም፤ እናንተም አትንኩ። ሙሉጌታ ለብቻው መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብ አገኘዋለሁ፤ እኔ አልነዘንዘውም። ሐዋን ጌታ ነው የላከሽ ስላት አላህ ነው የላከኝ ትላለች፤ ስቀን ወደየሥራችን እንመለሳለን። ታምራት ቤቴ መጥቶ ይቅርታ ብሎኛል። አንተ ባትሸከመኝ ማን ይሸከመኝ ነበር አልኩት።

አሁን ልጨርስ፤ መጋቢያችን ሰዓታቸውን እያዩ ነው። እዚህ መሐል ስንዘምር ከንፈሩን ብቻ የሚያነቃንቅ ሰው አለ። ውስጡ እየሞተ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ያላወቀለት። ወንድሜ፣ እህቴ፣ እንዲህ ብለሽ ጸልዪ ብዬ ቃል አላስጠናሽም። እኔ ጌታን የተቀበልኩት ጥርሴን ገጥሜ ነው፤ አንዲት ፊደል ከአፌ አልወጣችም። እሱ ግን ሰማኝ። ባለሽበት ሆነሽ እመኚው።

ዓይናችንን እንጨፍን። ወንድም ታምራት፣ አንተ ምራን። በቀስታ።