ግድግዳው ላይ የተዘቀዘቀው ፈረስ

አፌን የፈታሁት ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሕፃን እናቴ ጉያ ውስጥ፣ በስልጥኛ፤ ሁለተኛ ደግሞ ቡታጅራ ከአስፋልቱ ዳር በነበረች አንዲት ክፍል መዋዕለ ሕፃናት፣ በአማርኛ። የመጀመሪያውን አላስታውሰውም። ሁለተኛውን ግን ዛሬ ወልቂጤ ላይ የሁለት ልጆች እናት ሆኜም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገዋል።

አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ከእንሴኖ ወደ ቡታጅራ ስንዛወር ገና አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከአማርኛ የማውቀውም ገበያ ውስጥ ሰዎች ሲጣሉ የሰማሁትን ብቻ ነው። ያንን ደግሞ ክፍል ውስጥ ልናገረው አልችልም። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ክፍላችን ኖራ የተቀባ የጭቃ ቤት ነበር። አንድ የቆርቆሮ መስኮትና አንድ የቆርቆሮ በር ነበረው፤ ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፏል። ጠመኔና ከየምሳ ዕቃችን የሚወጣ ቆጮ ይሸታል። በገበያ ቀን በርበሬ የጫነ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ አንዱ ያስነጥሳል፣ ሌላው ይከተላል፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ እያስነጠሰ በሳቅ ይፈርሳል። በቆርኪ እንቆጥራለን፣ በጭቃ እንስሳ እንሠራለን። በጭቃው የሚወዳደረኝ አልነበረም፤ የእኔ ፍየል ጢም ሁሉ ነበራት። ግን አስተማሪያችን ቲቸር ብርቄ የፊደል ካርቶኗን ከፍ አድርጋ ሁሉም "ለ! ሉ!" ብለው ሲጮኹ እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ልጆቹ "ድዳዋ" ይሉኝ ጀመር።

ጥር ላይ ቲቸር ብርቄ እናቴን አስጠራቻት። "እስካሁን አንዲት ቃል አልወጣትም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተናገረች ዘንድሮ ቤት ትቆይና ለከርሞ ብትመለስ ይሻላል" አለቻት። አባቴ ማታ ይህን ሲሰማ "ዝም አይነቅዝም፤ ተዋት" አለ። እናቴ ግን አልተዋጠላትም። እኔም አልተዋጠልኝም፤ ጭቃውንና ቆርኪውን ትቼ እንዴት ቤት እቀመጣለሁ?

ከምሳ በኋላ ሰሌኑ ላይ እንተኛ ነበር። ቲቸር ብርቄ በሩንም መስኮቱንም ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች፤ ክፍሉ ይጨልማል። አንድ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ፊት ለፊቴ ያለውን ነጭ ግድግዳ አያለሁ። ለካ ከመስኮቱ ቆርቆሮ ላይ አንዲት ምስማር ወልቃ ቀዳዳዋ ባዶ ቀርቷል።

ግድግዳው ላይ የደበዘዘ ብርሃን ነበር። ብርሃኑ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጋሪ ነው! ጎማው ወደ ላይ፣ ፈረሱ እግሮቹን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ፣ ባለጋሪው ጭንቅላቱ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ግድግዳችን ላይ ይሄዳሉ። ከሥራቸው ሰማያዊ ሰማይ ተዘርግቷል። ውጪ ያለው ዓለም በሙሉ የተገለበጠ መሰለኝ።

"ቲቸር! ፈረሱ ወደቀ!"

የጮህኩት እኔ ነኝ። በአማርኛ!

ሠላሳ ልጅ አንድ ላይ ብድግ አለ። ቲቸር ብርቄ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደችና ዞር ብላ እኛን አየችን። ከዚያ ነጠላዋን አወለቀችና በበሩ ሥር የሚገባውን ብርሃን ደፈነችው። ሥዕሉ ይበልጥ ጎላ። ቢጫ ጄሪካን የተሸከመች ሴት በጭንቅላቷ እየተራመደች አለፈች።

"አይዟችሁ፣ መንገዱ ነው" አለች ቲቸር ብርቄ ቀስ ብላ። "በቀዳዳዋ ገብቶ ነው። ሙራድ፣ እስቲ ወጥተህ መስኮቱ ፊት ለፊት ዝለል።"

ሙራድ ወጣ። ወዲያው ግድግዳው ላይ ተዘቅዝቆ መጣ፤ ወደ ላይ ሲዘል ወደ ታች ይወርዳል! ጩኸታችን ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ከዚያ ሁላችንም በየተራ ወጣን። የእኔ ተራ ደርሶ ፀሐዩ ላይ ቆሜ እጄን ሳወዛውዝ ከጨለማው ውስጥ "ዘይነባ! ዘይነባ!" እያሉ ሲጮኹ ሰማሁ። በስሜ ሲጠሩኝ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

እናቴ ልትወስደኝ ስትመጣ ቲቸር ብርቄ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

"ተናገረች!"

"አልሐምዱሊላህ! ምን አለች?"

"ፈረሱ ወደቀ አለች።"

እናቴ ደነገጠች። "የማን ፈረስ? ተረፈ?"

ከዚያ ቀን በኋላ ዝም በይ እስክባል ድረስ ለፈለፍኩ፤ ከክፍሉም ያስወጣኝ አልነበረም።

ዛሬ ልጆቼ አንድ ነገር ሲገርማቸው ወደ ስልኬ ይሮጣሉ። ስልኩ ወዲያው ይመልስላቸዋል፤ መገረማቸውም እዚያው ላይ ያበቃል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም የዚያን ቀዳዳ ነገር በቅጡ የተረዳሁት ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ስማር ነው። ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ግን ቲቸር ብርቄ ያኔ ያንን ሁሉ ማወቋ ነበር።

አምና ለአረፋ ቡታጅራ ስሄድ ቤቷ ድረስ ሄጄ ጠየቅኋት። ፀጉሯ ሸብቷል፣ አሁንም ታስተምራለች።

"ቲቸር፣ ቀዳዳዋን እርስዎ ነዎት እንዴ ሆን ብለው የበሱት?"

እስክታነባ ሳቀች። "እኔ? እኔም ከእናንተ ጋር ነው እኮ መጀመሪያ ያየሁት! ያኔ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሰይጣን መስሎኝ በሩን በርግጄ ልሮጥ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ሳይሮጡ ቀሩ?"

"ሠላሳችሁም ዞራችሁ እኔን ታያላችኋ!"

ያኔ ቲቸር ብርቄ ቁመቷ ጣሪያ የሚነካ፣ ዓለምን አብጠርጥራ የምታውቅ ትልቅ ሰው ነበረች። ለካ ልጅ ነበረች፤ ዛሬ በዚያ ዕድሜዋ መንገድ ላይ ባገኛት "አንቺ ልጅ" ብዬ የምጠራት ልጅ።