የጋሽ ቅጂ ማኅተም

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ጋሽ ቅጂ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምናውቅ እኔና የሱቁ አከራይ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ጠባብ ሱቁ ውስጥ ሁለት ቴፖች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሲዘፍን ሌላው ይቀዳል። ዘፋኙን ያስፈቀደ የለም። ጎረቤት አገሮች የጋራውን የቅጂ መብት ሕግ ፈርመው ሲጨርሱ የኛዋ ገና ታዛጋ ነበር።

ጋሽ ቅጂን ያበሸቀው ሌላ ነው፤ ማዶ ያለው ሱቅ የእሱን ካሴት ገዝቶ ይቀዳል። «ሌባ!» እያለ ሲንጨረጨር እህቴ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ መላ ዘየዱ። በየካሴቱ፣ ዘፈኑ መሃል ላይ፣ የእሷን ድምፅ አስገቡ፦ «ይህ የጋሽ ቅጂ ሱቅ ሥራ ነው፤ ሰርቆ የቀዳ አይባረክ!» ስትናገር እሱ ፊቱን እያጣመመ ያያት ስለነበር መጨረሻው ላይ ሳቋ አመለጣት። ሳቋም አብሮ ተሸጠ። በተሰረቀ ዕቃ ላይ ማኅተም የሚመታ ሌባ ከኛ ሰፈር በቀር የት ይገኛል?

እህቴ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ቅጂ ያችን ሳቅ ሳይሰማ ሱቁን ዘግቶ አያውቅም። የሰውን ሁሉ ድምፅ ሲያባዛ የኖረ ሰው የሚስቱን ለብቻው ልቅዳ አላለም። መደርደሪያው ሙሉ እሷ ነበረች፤ ምን አስቦ?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ሕጉ መጣ፤ ዘፋኞቹ ግማሾቹ አፈር ከለበሱ በኋላ። ሕጉን የምታስፈጽም ተቆጣጣሪ ሱቁ መጥታ በወጉ ሰላም ብላ ካሴቶቹን በጆንያ አስከተተች። መጨረሻ ላይ ቴፑ ውስጥ የቀረውን ካሴት አጫወተችው። እህቴ ተናግራ ሳቀች።

«የማን ድምፅ ነው፣ አባቴ?»

አላውቅም ቢል ማን ያጣራበታል? እሱ ግን «የባለቤቴ ነው። ዘፈኑን ውሰጂው ልጄ፣ እሷን ተዪልኝ» አላት።

«ደስ ባለኝ ነበር። ግን ያለችው ዘፈኑ ላይ ነው» አለችና ካሴቱን ከተተችው።

ሕጉ ልክ ነው፤ የሰው ላብ በልተናል። ቢሆንም ያን ቀን አንጀቴ አረረ፤ አሁንም እንዳረረ ነው።

ጋሽ ቅጂ የድሮ ደንበኞቹን ቤት ለቤት ይዞር ጀመር፤ እኔም እከተለዋለሁ። «ከኔ የገዛችሁት ካሴት ካለ ላንድ አፍታ አሰሙኝ» ይላል። ሰዉ ደግሞ ፈርቷል፤ ጠቋሚ ሆኖ የመጣ መሰላቸው። የሰርጋቸውን ዘፈን የቀዳላቸው ሰዎች ሳይቀሩ «እኛ ቤት የተቀዳ ነገር ገብቶ አያውቅም» እያሉ በር ዘጉበት።

መጨረሻ የሄድነው የእህቴ ጓደኛ ወደነበረችው ፀጉር ሠሪ ቤት ነው። በሩን ገርበብ አድርጋ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው ጋሼ፣ ያንተ ካሴት የለኝም!» አለች። ከጓዳ ዘፈን ይሰማል። ዘፈኑ መሃሉ ላይ ደረሰ።

«...ሰርቆ የቀዳ አይባረክ!» አለች እህቴ።

ፀጉር ሠሪዋ ደንግጣ በሩን ዘጋችው፤ ቴፑም ወዲያው ጠፋ። ጋሽ ቅጂ ሳቋን እየጠበቀ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።