አልታይም ያልኩበት ቁስል

ደሙን መጀመሪያ ያየሁት በርበሬ ስንለቅም ነው። እኛ ቡሬ አጠገብ ነው የምንኖረው፤ በርበሬው ሲደርቅ ሴቶች ጆንያ ላይ ተቀምጠን ቀዩን ከነጣው እንለያለን። ከጆንያው ስነሳ ምራቴ እናኑ «እሜቴ፣ ቀሚስዎን በርበሬ ነክቶታል» አለችኝ። ዞሬ አየሁት። በርበሬ መሰለኝ። አጥቤው ዝም አልኩ።

ማቃጠሉንም በበርበሬው አሳበብኩ። ሰገራ በወጣሁ ቁጥር ምላጭ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ስቀመጥ ጠጠር ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል፤ ጠጠሩ ግን ከመሬቱ ሳይሆን ከእኔ ነበር።

ይህን የምጽፈው እዚያ ቦታ ለሚደሙና ለመናገር ለሚያፍሩ ሰዎች ስለሆነ በስሙ እጠራዋለሁ። የታመምኩት ፊንጢጣዬን ነው። በእኛ አገር እዚያ የወጣ ነገር ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ኪንታሮት። ቢደማም ኪንታሮት፣ ቢያብጥም ኪንታሮት። ስም ስላለን በሽታውን ያወቅነው ይመስለናል። የሚያየው ግን የለም።

ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ጤና መኮንኑ የልጄ እኩያ ነው።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«መቀመጫዬን። ኪንታሮት ነው።»

«ልይዎት?»

«ምን ልታይ! የልጅ ልጅ ያየሁ ሴትዮ ነኝ። አልታይም» ብዬ መቀነቴን አጠበቅሁ። እሱም አፈረ። ቅባት ጻፈልኝ። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ «ዛሬስ ልይዎት?» አለኝ። «ዛሬም አልታይም» አልኩ። ሌላ ቅባት ጻፈልኝ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ አያ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። አያ ደምሴ ከእኛ መንደር ወንዝ ተሻግሮ የሚኖር የኪንታሮት መድኃኒት አዋቂ ነው። ዝናው ምን መሰላችሁ? ሳያይ ያድናል። ዱቄቱን ይበጠብጥና ለሚስቱ ይሰጣል፤ እሷ ደግሞ በሽተኛዋ እንዳታፍር በጋቢ ሸፍና፣ ከሥር እጇን አስገብታ፣ በዳበሳ ትቀባለች። እሱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ያዛል። ማንም ማንንም አያይም። እኔም የሄድኩት ለዚህ ነው።

ሚስቱ ቀባችኝ። መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ። ቀጥሎ እሳት ሆነ።

ጮኽኩ። ሁለት ሴቶች እግሬን ያዙ። ሚስቱን ደረቷ ላይ ረገጥኳት፤ ወደቀች። ተነሥታ መጣችና እንደገና ቀባችኝ። አያ ደምሴ ከመጋረጃው ወዲያ «አትልቀቋት! የምትጮኸው እሷ አይደለችም፤ ሥሩ ነው!» ይላል። ነጠላዬን ነከስኩ። ጥርሴ ተሰበረ።

ሰባት ቀን እዚያው በሆዴ ተኛሁ። በሰባተኛው ቀን ሥጋ ወደቀ። አያ ደምሴ በቅጠል ጠቅልሎ አሳየኝና «ይኸው ሥሩ። አለቀለት» አለኝ። እጁን ስሜ፣ ዶሮ ሰጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አላለቀለትም። ሦስት ወር ሳይሞላ ያው ጠጠር አብጦ መጣ። ብሽሽቴ ላይም እንደ ባቄላ ያለ ነገር ወጣ። መግል ይወርደኛል፤ ይሸተኛል። ለቅሶ ቤት መሄድ ተውኩ። ቅዳሴ ከደጀ ሰላም ውጭ፣ ነፋሱ ሽታዬን ወደ ሰው ወደማይመልስበት በኩል ቆሜ ማስቀደስ ጀመርኩ። ክብደቴ አለቀ።

ልጄ የሺወርቅ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ናት። ልጠይቃት ሄጄ ከመናኸሪያ ወደ ቤቷ በባጃጅ ወሰደችኝ። ስወርድ ወንበሩ ላይ ያለውን አየች። ባለባጃጁም አየ። «እማማ፣ ግድ የለም፣ እኔ አጥበዋለሁ» አለ። የሺወርቅ እኔን መልሳ አስቀመጠችኝና «ሆስፒታል» አለችው።

ዶክተሯ ሴት ነበረች። አልታይም አልኩ። የሺወርቅ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጠችው።

«እማዬ፣ አንቺ እስክትታዪ ከዚህ ክፍል የሚወጣ ሰው የለም።»

«ዶክተሯ ሌላ በሽተኛ አለባት!»

«እንግዲያው አታስጠብቂያቸው። የሰው ተራ መያዝ ነውር ነው እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ?»

በራሴ ነገር ያዘችኝ። ተኛሁ።

ዶክተሯ ጓንት አጥልቃ በጣቷ መረመረችኝ። አልጋውን ይዤ ሰደብኳት። እሷ ግን ስትጨርስ ቀሚሴን ራሷ አወረደችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ይሄ ኪንታሮት አይደለም። ኪንታሮት የደም ሥር እብጠት ነው፤ ለስላሳ ነው። የእርስዎ ጠጣር ነው። ናሙና መውሰድ አለብን፤ ባዮፕሲ ይባላል።»

የባዮፕሲው ውጤት ከሳምንታት በኋላ መጣ። የፊንጢጣ ካንሰር፣ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው ዓይነት።

«ያ ዱቄት ነው ያመጣብኝ?» አልኳት።

«አይደለም። በአብዛኛው የሚነሣው ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይይዘዋል፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ዱቄቱ ግን ላዩን አቃጥሎ ውስጡን ደበቀው። ጊዜዎን በላው።»

ልጄ አንተነህ ይህን ሲሰማ ከገጠር መጣ። መጥረቢያ ይዞ ነው የመጣው። «ያን ሽማግሌ ከነቤቱ አነደዋለሁ» አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ያደርገዋል። መጥረቢያውን ይዤ ወደ ራሴ ጎተትኩት።

«መጀመሪያ እኔን ምታ። ሁለቴ ልይዎት ስባል እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ፍርድ ከሆነ ለሁላችንም ይሁን። አይ ካልክ ደግሞ መጥረቢያውን አስቀምጠህ መኪና ላይ አሳፍረኝ፤ ዶክተሯ ወደላከችኝ ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ።» እንደ ሕፃን አለቀሰ። አስቀመጠው።

አዲስ አበባ ኤምአርአይና ሲቲ ስካን ተነሣሁ። የካንሰር ሐኪሙ አጭር ሰው ነው፤ ነገር አያስረዝምም።

«መጀመሪያ በኬሞቴራፒና በጨረር እንሞክራለን። ካልበቃ ፊንጢጣው በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ያን ጊዜ ሰገራዎ ሆድዎ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ነው የሚወጣው። ኮሎስቶሚ ይባላል።»

«ከረጢት ይዤ ቤተ ክርስቲያን መግባት ይፈቀድልኛል?»

«እሱን ንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። እኔ በእግርዎ እንዲገቡ ነው የምሠራው።»

የጨረር ወረፋው ረጅም ነበር። በየቀኑ እብጠቱን በጣቴ እለካው ነበር፤ ያድጋል። ተራዬ ሲደርስ በሳምንት አምስት ቀን፣ ስድስት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ገባሁ። ኬሞው በመጀመሪያውና በአምስተኛው ሳምንት በደም ሥሬ ይገባል። አንድ ቀን አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ እናቱን ይዞ መጥቶ ከወለጋ የመጡትን አባት አልፎ ሊገባ ሲል በሩ ላይ ቆምኩ። «ተራው የሳቸው ነው» አልኩት። «እማማ፣ ዞር ይበሉ፣ ይቀመጡ» አለኝ። «መቀመጥ ብችል እዚህ ምን አመጣኝ!» አልኩት። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ተመለሰ።

ጨረሩ ሲገባ አያምም። የሚያመው በኋላ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ቆዳዬ ጠቆረ። በአራተኛው ተላጠ። ከፊት እስከ ኋላ። ሥጋው ራቁቱን ቀረ። ሽንት ሲነካው በርበሬ ነው። ሰገራ ስወጣ ግድግዳ እቧጥጣለሁ። አፌ ቆሰለ። ፀጉሬ ሳሳ። ውሃ አስታወከኝ።

የሺወርቅ ለብ ያለ የጨው ውሃ በሳፋ ታቀርባለች። እዘፈዘፍበታለሁ። አንድ ቀን አልችልም አልኩ። «ግቢ» አለች። ሳፋውን አንሥቼ ወረወርኩባት። ግንባሯ ተፈነከተ። ደሙን በእጅጌዋ ጠረገች። ውሃውን እንደገና አሞቀች። «ግቢ» አለች።

ገባሁ።

ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል ነበረች። «አንቺም ሴት ነሽ፣ ወይ ግደይኝ ወይ ተይኝ!» ብዬ ጮኽኩባት። ያስቀየምኳት አይመስለኝም።

ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ላቋርጥ አልኩ። ሐኪሙ «አሁን ካቆምን ያቃጠልንዎት በከንቱ ይሆናል» አለኝ። ቀጠልኩ።

ጨረሩ ካለቀ በኋላ ቆዳው እንደ አዲስ እንጀራ ልጅ፣ መጀመሪያ እየተቆጣ፣ ቀስ እያለ ደግሞ እየለመደኝ ተመለሰ፤ በወሩ ልብስ መልበስ ቻልኩ፣ በሁለተኛው ወር በጎኔ መቀመጥ፣ ከዚያም የሺወርቅ በጥጥ ሞልታ በሰፋችልኝ ባለ ቀዳዳ ትራስ ላይ ቅዳሴውን ከውስጥ ሆኜ፣ ከሴቶቹ መሀል፣ እስከ መጨረሻው ለማስቀደስ በቃሁ። የአዲስ አበባው መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮዬ አልፎ ያውቃል፤ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ። ከስድስት ወር በኋላ ሐኪሙ በጣቱ መርምሮኝ፣ ኤምአርአዩን ደጋግሞ አይቶ «የሚታይ ነገር የለም። ድነዋል ብዬ አልምልም፤ ለዓመታት እየመጡ ይታያሉ» አለኝ። ከረጢቱ ቀረልኝ። አሁንም ሰገራዬ ሲመጣ ጊዜ አይሰጠኝም፣ ገበያ ስወጣ ቅያሪ ቀሚስ እይዛለሁ፤ ይህንንም ለማንም አልደብቅም።

በርበሬው እንደገና ሲደርቅ ጎረቤታችን ጥሩዬ ለመልቀም መጣች። የሦስት ልጆች እናት ናት። ጆንያው ላይ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች። አወቅኩት። ያን አቀማመጥ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ኪንታሮት ነው እትዬ። ለቅዳሜ አያ ደምሴ ቀጥሮኛል።»

ቅዳሜ ዱላዬን ይዤ ቀድሜያት ደረስኩ። ግቢው ሞልቷል። አያ ደምሴ ሲያየኝ ተደሰተ። «እዩዋት! ሥሩን ነቅዬላት ይኸው ድና መጣች!» አለ።

አያ ደምሴን በሕይወቴ አንቱ ሳልል ጠርቼው አላውቅም። ያን ቀን አንተ አልኩት።

«አንተ! እኔን አይተኸኝ ታውቃለህ?»

«ነውር አይደለም እንዴ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«እዚህ ከተቀመጠው ሰው አንዱን አይተህ ታውቃለህ? ያልታየ ነገር ኪንታሮት መሆኑን ማን ነገረህ?»

«አስወጧት ይችን ሴትዮ!» ሁለት ሰዎች ክንዴን ያዙ። ዱላዬን ሰንዝሬ የዱቄት ቅሉን መታሁት። ተፈረካከሰ። ዱቄቱ እግሩ ላይ ፈሰሰ፤ አያ ደምሴ ዘሎ እያራገፈ ጮኸ።

«የሚጮኸው ሥሩ ነው» አልኩት።

አንድ ሰው ሳቀ። ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ። ፊንጢጣ አልኩ። ካንሰር አልኩ። መግሉን፣ ሽታውን፣ ጨረሩን። ሴቶች ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ጆሯቸውን ግን አልሸፈኑም። ጥሩዬ ከበሩ አጠገብ ነበረች። ዞራ ወጣች። ከኋላዋ ሌሎች ሁለት ወጡ።

የጥሩዬን እጅ ይዤ ፍኖተ ሰላም ወሰድኳት። ያችው ዶክተር አየቻት። ኪንታሮት ሆኖ ተገኘ። እውነተኛው ኪንታሮት፣ በመድኃኒትና በአመጋገብ የሚሻለው።

አያ ደምሴ ይህን ሰምቶ በየገበያው ሳቀብኝ። ይሳቅ። ጥሩዬ ኪንታሮት መሆኑን የምታውቀው ታይታ ነው። እኔ ሳልታይ ነበር ያወቅኩት። ለሰበርኩት ቅል ግን ሌላ ቅል ገዝቼ ላክሁለት፤ የእሱ ነበርና። ባዶውን ነው የላክሁት።

ምስጋናዬ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ላለባት ልጄ፣ ቀሚሴን ላወረደችልኝ ዶክተር፣ ወንበሩን አጥቦ ላልተጸየፈኝ ባለባጃጅ ነው። እናንተ የምትደሙ፣ ደሙን በበርበሬ አታሳብቡ። ጠጣር ነገር ካለ፣ ብሽሽት ካበጠ፣ ቁስሉ አልድን ካለ፣ የሚቃጠል ነገር አታስነኩት፤ ታዩ። ጨረር ላይ ያላችሁ፣ በአምስተኛው ሳምንት ሁሉን መጥላት ያለ ነው፤ የሚንከባከባችሁን ሰው ግን አትምቱ።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጤና መኮንኑ አወቀኝ። የሆንኩትን ስነግረው አንገቱን ደፋ።

«ማየት ነበረብኝ» አለ።

«እኔም መታየት ነበረብኝ። እኩል ነን» አልኩት።

«ሦስተኛ ጊዜ ብጠይቅዎት ኖሮ እሺ ይሉኝ ነበር?»

አሰብኩበት። ልዋሸው አልፈለግሁም።

«አላውቅም» አልኩት። «ከእኔ በኋላ የምትመጣውን ግን ሦስተኛ ጊዜ ጠይቃት።»